ያልቦካ ሊጥ አምጪ

በልጅነቴ አባቴ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወደው አጎቴን ይመስለኝ ነበር።

ለዚህ ማስረጃ ነበረኝ። አባቴ ሜካኒክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በሰው ጋራዥ፣ በሰው መኪና ሥር ተጋድሞ ይውላል። አመሻሽ ላይ ሲገባ ራቱን በልቶ ጎኑን ማሳረፍ ሲገባው ተመልሶ ወደ ግቢ ይወጣል፤ እዚያ የአጎቴ አሮጌ መኪና በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆማለች። ኮፈኗን ያነሳል፣ አምፖሉን በሽቦ ያንጠለጥላል፣ ወገቡን ይዞ ይጎነበሳል። የእኔ አልጋ እግሩ ተሰብሮ በጡብ ተደግፎ ነበር። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ሌት ተቀን ያንጠባጥባል። ለእነዚህ ጊዜ የለውም፤ ለአጎቴ መኪና ግን ጊዜ አያጣም። ሰው ለሚወደው ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው አልኩ፤ ትንሽም ቀናሁ።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። «ለሁለት ሳምንት ነው፣ ሥራ እስካገኝ» ብሎ መጥቶ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም። የመጣ ዕለት ውኃ ያለቀበትን ሞተር እስከ በራችን ድረስ እያስጮኸ ነዳው፤ መኪናዋ ግቢ ገብታ እንደ ማንቆርቆሪያ እያፏጨች ሞተች። ከዚያ ወዲህ እሷ ዳሱ ሥር፣ እሱ ሳሎን ሶፋ ላይ ተኙ። ጥርሱ የማይከደን፣ ቤቱን በሳቅ የሚሞላ ሰው ነበር። በአባቴ ምላጭ ተላጭቶ፣ የአባቴን ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ የአባቴን ሬዲዮ ከፍቶ አብሮ እየዘፈነ ይውላል። እኔን «ኢንጂነሯ» ይለኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ይጠብቀኝና ቦርሳዬን ተቀብሎ፣ «ኢንጂነሯ፣ ዛሬ ስንት ድልድይ ሠርተሽ ስንቱን አፈረስሽ?» ይላል። እኔ ከማንም በላይ እወደው ስለነበር አባቴም ቢወደው አልገረመኝም።

ዛሬ ያንን ሳሎን ሳስበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ያለን ሶፋ አንድ ነበር። አባቴ ዓመት ሙሉ፣ በገዛ ቤቱ፣ ከሥራ ሲገባ የሚቀመጠው የወጥ ቤት በርጩማ ላይ ነው። እኔ ግን በርጩማ የሚወድ ይመስለኝ ነበር።

የእኔን አልጋና የእናት አባቴን አልጋ የሚለየው መጋረጃ ነው። አንድ ምሽት እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ ነው፤ የት ልጣለው ታዲያ?» ስትል ሰማሁ።

«ጣይው መች ወጣኝ?» አለ አባቴ። «ሥራው እንደሆነ ተገኝቷል። በወሩ መጀመሪያ መኪናህን ይዘህ ና፣ ሠራተኛ ታመላልሳለህ ብለውታል። መኪናዋን ላስነሳለትና መንገዱን ይያዝ።»

«ባትነሳስ?»

«ትነሳለች። በጥርሴም ቢሆን አስነሳታለሁ።»

እኔ ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ ፈገግ አልኩ። በጥርሱ! ለእኔ እንኳ እንዲህ ብሎ አያውቅም።

ችግሩ ቴስታታው ነበር። ቴስታታ ማለት ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ከባድ ብረት ነው፤ ነዳጁን የሚያስገቡት፣ ጭሱን የሚያስወጡት ቫልቮች የሚገኙት እሱ ላይ ነው፤ ፒስተኖቹ ደግሞ ከሥሩ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። የአጎቴ መኪና ቴስታታ በሙቀት ብዛት ተሰንጥቋል፤ ሞተሩ ከማርጀቱ የተነሳ ደግሞ አምሳያው ከገበያ ጠፍቷል። አባቴ አሮጌ ብረት የሚሸጥበትን ቦታ ሁሉ ሲያስስ ከረመና አንድ ቀን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ከዚያው ፋብሪካ፣ ነገር ግን ዘግይቶ ከወጣ ሞተር ላይ የተፈታ ቴስታታ ነው።

«ታናሽ ወንድሙ ነው» አለኝ ጆንያውን እየገለጠ። «የቡሎን ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፤ ይገጥማል። ብቻ ቫልቮቹ ተለቅ ተለቅ ይላሉ።»

አጎቴ ቀረብ ብሎ አየውና፣ «ታናሽ ወንድም ከመጣማ ጉድ ፈላ! ሶፋው ላይ ሁለት ልንሆን ነው» አለ።

እኔ በሳቅ ሞትኩ። አባቴ አልሳቀም። የብረቱን ዝገት በብሩሽ መፋቅ ጀመረ።

በማግሥቱ ቴስታታውን ይዘን ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄድን። የቶርኖ ባለሙያው አንድ ዓይኑ ትንሽ የደከመ ሽማግሌ ነው፤ ለሁሉም ሰው «ቀስ በል» ስለሚል የሰፈሩ ሰው «ቀስ በል» ብሎ ስም አውጥቶለታል። የቴስታታውን ፊት ደልድሎ ሲጨርስ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ከዚያ አንዱን ቫልቭ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እስከ ምን ድረስ እንደሚወርድ አየ።

«ይሄ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ጠልቆ ይወርዳል» አለው አባቴን። «የመኪናዋ ሞተር ፒስተን ደግሞ አናቱ ሜዳ ነው። ቫልቩ ሲወርድ፣ ፒስተኑ ሲወጣ እንዳይሳሳሙ።»

«እለካዋለሁ።»

«መለካቱንስ ትለካዋለህ። ጠባብ ሆኖ ካገኘኸው ግን ፒስተኖቹን አምጣልኝና አናታቸው ላይ ጎድጎድ ላድርግላቸው። ወረፋ አለብኝ፤ ሁለት ሳምንት ትጠብቀኛለህ።»

«ሁለት ሳምንት የለኝም። ሰውዬው የሚሄደው በወሩ መጀመሪያ ነው።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለ ቀስ በል፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴን፣ «ቢሳሳሙ ምን ይሆናል?» አልኩት። መሳሳም ለእኔ ደስ የሚል ነገር ነበር።

«አንዱ ይሰበራል» አለኝ። ሲቀልድ መሰለኝ።

እንዲህ ያለውን ክፍተት መለኪያው ደግሞ ሊጥ ነው። ይኼን ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ሜካኒክ ያልሆነ ሰው ብነግረው እስከ ዛሬ የሚያምነኝ የለም። ፒስተኑ አናት ላይ ትንሽ ሊጥ ይደረጋል፤ ቴስታታው ተመልሶ ይታሰራል፤ ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ቫልቩ ሲወርድ ሊጡን ይጫነዋል። ከዚያ ተፈትቶ ሊጡ በምላጭ ይቆረጥና የሳሳው ቦታ ይለካል፤ ሊጡ የቀረው ውፍረት፣ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት ነው። በጣም ከሳሳ ሞተሩ መነሳት የለበትም። አባቴ ይኼን ሁሉ ያስረዳኝ ከልቡ ነው፤ ሲያስተምር ፊቱ ይፈታል።

«ሂጂና ከእናትሽ ያልቦካ ሊጥ አምጪ» አለኝ። «እንቁላል የምታህል ትበቃለች።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እናቴ ዳቦ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክብ ስለነበር ሊጥ ከቤታችን አይጠፋም። በዚያን ሰዓት ግን የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ወጥታለች። ወጥ ቤት ስገባ ምድጃው አጠገብ ትልቁ ሳፋ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ጨርቁን ገለጥኩ። ሊጡ ለብ ያለ ነው፤ ልስልስ ብሎ እጄ ላይ ተኛ። እንቁላል የሚያህል ቆርሼ ሳፋውን መልሼ ሸፈንኩ። ያልቦካ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ባላውቅም አልጠየቅሁም። ለእኔ ሊጥ ሊጥ ነው።

አባቴ ከእጄ ተቀብሎ ጠፍጠፍ አደረገው፤ እንዳይጣበቅ ዘይት ቀባው፤ ፒስተኑ ላይ አስቀመጠ። ቴስታታውን ከአጎቴ ጋር አንስተው ጫኑት። ቡሎኖቹን ሲያጠብቅ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ነው የሚሄደው። «እንደ አንሶላ ነው» አለኝ፤ «ከመሃል ወደ ዳር ካላሳሳሽው ይጨማደዳል።» ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ አዞረው፤ ትንፋሹን ይዞ ብረት ከብረት ሲነካ እንዳይሰማ ያዳምጣል። ምንም አልተሰማም። ሊፈታው ሲል ከጋራዡ መልእክተኛ መጣ፤ አንድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አለቃው እየጮኸ ነው፣ ድረስልን አለው። አባቴ መፍቻውን እዚያው ጥሎ ሄደ። ሲመለስ ጨልሞ ነበር፤ መፍታቱ ለጠዋት አደረ።

እሑድ ጠዋት አጎቴ ሻንጣውን አዘጋጅቶ በር አጠገብ አስቀምጦታል። እኔ አባቴ አጠገብ ቆሜ ቡሎኖቹን እየተቀበልኩ ቆርቆሮ ላይ እደረድራለሁ። ቴስታታው ሲነሳ ሊጡ ታየ። የቫልቩ ክብ ማኅተም አለበት፤ ያምራል። ጫፍ ጫፉ ተነፍቶ ከብረቱ ጠርዝ ላይ ፈስሷል።

አባቴ በምላጭ ለሁለት ከፈለውና የተቆረጠውን ገጽ ወደ ብርሃን አቀረበው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። እኔ ሳቅሁ፤ ቁርስ ስላልበላ የራበው መሰለኝ። አልሳቀም። ቀና ብሎ ወደ ቤቱ አየ። አጎቴ ደረቱን ገልጦ፣ የአባቴን ፎጣ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ በሩን ተደግፎ ይዘፍናል።

«እህስ ጋሼ?» አለ አጎቴ። «ዛሬ እሄዳለሁ ወይስ ደግሞ ዓመት ልድገም?»

አባቴ ሊጡን በመለኪያው ያዘና ለካ።

«ይበቃል» አለ።

ሊጡን ከአጥሩ ማዶ ወረወረው። የጎረቤት ዶሮዎች ሲሻሙበት ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተገጥሞ ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ ወፈር ያለ አዲስ ድምፅ ነው። አጎቴ ከደስታው የተነሳ እኔን አንስቶ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠኝ፤ «ጋሼ! ይቺ ሴትዮ ወጣት ሆነችኮ! ከእንግዲህ ማን ይደርስባታል?» አለ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ስንቁን መኪናው ውስጥ አስገባች። አባቴ ግን እጁን ሲታጠብ ነበር። ታጥቦ ታጥቦ አይጨርስም።

«አትጫናት» አለ፣ ከቧንቧው ቀና ሳይል።

«እሺ ጋሼ።»

«ዳገት ላይ አታስጩሃት።»

«እሺ አልኩኮ። እንደ ሙሽራ ነው የምይዛት!»

አጎቴ ጉንጬን ስሞኝ ገባ፤ መኪናዋ ከግቢው ወጣች። ያን ጊዜ አባቴ ውኃ የሚያንጠባጥብ እጁን እንደያዘ ተከትሏት ወጣ። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ፣ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ። እጁን ከፍ አድርጎ አንዳች ነገር ብሎ ተጣራ። አጎቴ በመስታወቱ አይቶት ኖሮ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ አውለበለበ፤ ታጥፎ ሄደ። አባቴ እጁን እንዳነሳ ቀረ። አንጀቴን በላው። መለየቱ ከበደው አልኩ፤ ሄጄ እጁን ያዝኩት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

ያንን ሩጫ ለብዙ ዓመት ለጓደኞቼ ሳይቀር አውርቻለሁ፤ አባቴ አጎቴን ምን ያህል ይወደው እንደነበር ለማስረዳት።

ወሬው የመጣው ሳምንት ሳይሞላ ነው። ረጅም ዳገት ላይ፣ ሰው ለመጫን ባዶዋን ስትሄድ፣ ሞተሩ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኾ ተሰበረ። ሞተር ሲሞት ፍሬኑም እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ቢረግጠው አልያዘለትም። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ገደል ገባች። አጎቴ በሕይወት አለ፤ እግሩ ግን መኪናዋና ድንጋዩ መካከል ቀርቶ ነበር። እናቴ ጮኸች። አባቴ አልጮኸም፤ ኮቱን ለብሶ ሊያመጣው ወጣ።

ከሆስፒታል ይዞት ሲመለስ በጀርባው አዝሎት ነበር። አጎቴ ቀኝ እግሩ አጥሮ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ በአባቴ ትከሻ ላይ ሆኖ እንኳ ለእኔ ሳቀልኝ። «ኢንጂነሯ፣ አየሽ? ሂያጅ ነው ስትሉኝ ተመላሽ ሆንኩ» አለኝ። አባቴ በሩ ላይ ቆመ፤ ሶፋውን አለፈና ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በራሱ አልጋ ላይ አስተኛው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አባቴ ሶፋ ላይ፣ እናቴ ከእኔ ጋር፣ አጎቴ አልጋ ላይ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላል ሰው። እኔ ያኔ ይኼ ተረት እኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም ነበር።

አባቴ ያጥበው ነበር። ያለብሰው፣ ይላጨው፣ ፀሐይ ሲወጣ ግቢ አውጥቶ ያስቀምጠው ነበር። ቁስሉ ሲድን ዲናሞና ሬዲዮ መጠገን አስተማረው፤ መሥሪያ ጠረጴዛ ሠራለት፤ ሥራም ከጋራዡ ያመጣለታል። ጎረቤት «አማች ማለት እንዲህ ነው! ወንድምስ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?» እያለ ያወድሰዋል። ሲወደስ ፊቱ ይጠቁርና አንድ ሰበብ ፈልጎ ይወጣል። ትሕትና መሰለኝ። የተሰባበረችውን መኪና ግን ሄዶ አላያትም፤ ሌላ ሜካኒክ ከፍቷት ኖሮ፣ «ቫልቩ ፒስተኑን መትቶት ነው» የሚል ቃል ላከበት። አባቴ ለእኛ፣ «ዕቃው አሮጌ ነበር» ብሎ ብቻ አለፈው።

እኔ በደል ምን እንደሆነ ያወቅሁት ዳቦ መጋገር ስማር ነው። ከአደጋው ምናልባት ሁለት ዓመት በኋላ፣ እናቴ ሳፋው ፊት አስቀመጠችኝና፣ «ሊጥ መቡካቱን የምታውቂው እንዲህ ነው፤ ጣትሽን ስደጂበት» አለችኝ። ሰደድኩ። ጉድጓድ ሆነ። ጣቴን ሳወጣ ጉድጓዱ ቀስ እያለ፣ እየተነፈሰ፣ ተመልሶ ሞላ።

«አየሽ፣ እርሾ ያለበት ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል» አለች። «ያልቦካው ግን እንደተጫንሽው ይቀራል።»

እጄ ሳፋው ውስጥ ደረቀ። ያልቦካ አምጪ ነበር ያለኝ። እኔ ግን ከዚህ ሳፋ፣ ከዚህ ጨርቅ ሥር፣ ለብ ካለውና ከሚተነፍሰው ነበር ያመጣሁለት። ቫልቩ ሊጡን እስከ መጨረሻ ተጭኖት ነበር፤ ሊጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተመልሶ ተነሳ። አባቴ የለካው ክፍተት ብረቱ መካከል ያለውን ሳይሆን እርሾው የሠራውን ነው። የአጎቴን እግር የበላሁት እኔ ነኝ!

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ።

«ምንም።»

ከዚያን ቀን በኋላ አባቴ በተመለከተኝ ቁጥር የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ምልክቶቹም ብዙ ነበሩ። ዳቦ መብላት ትቷል። ከአደጋው ወዲህ የእናቴን ዳቦ በአፉ አላደረገም፤ ሰሃኑ ሲቀርብለት በጣቱ ገፋ ያደርገዋል፤ እናቴ «ሆዱን አይስማማውም» ትላለች። እኔ ለእኔ የተላከ መልእክት አድርጌ አነበብኩት። አጎቴ ሲቀልድ አባቴ መሬት መሬት ያያል፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ እኔ ይዞራል። አንቺ ነሽ የሚለኝ መስሎኝ ተነስቼ እወጣለሁ። ለምን ዝም እንዳለኝም ለራሴ አስረድቼ ነበር፦ ልጁ ስለሆንኩ ኃጢአቴን ሸፍኖልኛል፤ አጎቴን የሚያገለግለውም የእኔን ዕዳ ሊከፍልልኝ ነው። ይኼን ሳስብ አባቴን በጣም እወደዋለሁ፤ አጠገቡ መቀመጥ ግን አልችልም። ከፊቱ ሸሽቼ አደግሁ። ሲያስተምር የሚፈታ ፊቱን ዳግም አላየሁትም፤ ምክንያቱም ዳግም ምንም ነገር አስተምረኝ ብዬ አልጠየቅሁትም።

አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ከዚያ ቤት ወጣሁ። እናቴ ሞተች። አባቴና አጎቴ በዚያው ቤት ለብቻቸው አረጁ። አንዱ ዓይኑ፣ አንዱ እግሩ አይደርስለትም፤ ተደጋግፈው ይኖራሉ። አጎቴ የጠገነውን ሬዲዮ ከፍቶ ይዘፍናል፤ አባቴ በርጩማውን አውጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል። ከሩቅ ለሚያያቸው የአንድ እናት ልጆች ነበር የሚመስሉት።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ልጠይቃቸው ሄድኩ። የጋገርኩትን ዳቦ ይዤ ነበር። ልጄ ቆርሳ ለአባቴ ስትሰጠው እንደ ልማዱ በጣቱ ገፋ አደረገው። «እማዬ፣ አያቴ የአንቺን ዳቦ ለምን አይወድም?» አለችኝ። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ልጄን ግቢ ወዳለው አጎቴ ላክኋትና የወጥ ቤቱን በር ዘጋሁ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «ያ ሊጥ ቦክቶ ነበር። እማዬ ስላልነበረች ከትልቁ ሳፋ ነው ያመጣሁልህ። መለኪያህን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንተ እንደምታውቅም አውቃለሁ፤ ይኼን ሁሉ ዓመት ችለህልኛል።»

አባቴ የደከመ ዓይኑን ሰብሰብ አድርጎ አየኝ። መጀመሪያ የምናገረውን ያልሰማ መሰለኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ እስከ ዛሬ አይቼው የማላውቅ ድንጋጤ መጣ።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው የኖርሽው?» አለ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ?»

«አዎ።»

«አይ ልጄ። አይ ልጄ።» ለመቀመጫ እጁን ዘረጋ፤ ደገፍኩት። «ስቆርጠው አይቼዋለሁኮ። ውስጡ ሁሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። አሸተትኩት፤ እርሾ እርሾ ይላል። መለኪያው ውሸት እንደሆነ ያን ጊዜውኑ አውቄ ነበር። ሌላ ሊጥ አምጪ ማለት ነበረብኝ። ብልሽና ቢሳሳስ? ፒስተኑን ፍታ፣ ቶርኖ ቤት ውሰድ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ሥራው ያመልጠዋል። ሥራው ካመለጠው ደግሞ...» ቆመ። «ቀና ስል ፎጣዬን አንገቱ ላይ አድርጎ ሲዘፍን አየሁት። ዛሬውኑ ይሂድልኝ አልኩ በልቤ። ይበቃል ያልኩት ሊጡን አይደለም፤ እሱን ነው።»

ያን የመንገድ ጥግ አስታወስኩ። «ስትሮጥ...»

«ላቆመው ነበር። አልሰማኝም።»

ብዙ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ላይ ሲወርድ ይታወቀኛል። አለቀስኩ፤ ሳላስበው ሳቅሁም። እፎይታ ሰውን ጅል ያደርጋል። አባቴን እጁን ይዤ፣ «እሱም ይወቀው። ንገረው፤ አንተም ይቅለልህ» አልኩት። ይኼን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ ልጅም አልነበርኩም።

«ይኼ ሁሉ ዘመን ካለፈ በኋላ?»

«ንገረው አባዬ። እሱ እንደሆነ ልቡ ባዶ ነው፤ ስቆ ነው የሚያልፈው።»

አባቴ ግድግዳ እየዳበሰ ወጣ። እኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አያለሁ፣ እሰማለሁ። አጎቴ ለልጄ ሬዲዮ ውስጥ ያለውን ሽቦ እያሳየ ያስቃታል። አባቴ አጠገቡ ደርሶ በርጩማው ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ተናገረ። ለእኔ እንደነገረኝ፣ ሳያሳምርና ሳይቀንስ፣ ፎጣውን ሳይቀር ነገረው። አጎቴ መካከል ላይ ልጄን ወደ ቤት ላካት። ሬዲዮውን ዘጋ። እስኪጨርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላለም።

እኔ ቀልዱን እየጠበቅሁ ነበር። ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አያጣም።

«ጋሼ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሱ አይመስልም። «ሂድ ብትለኝ ኖሮ እሄድልህ ነበርኮ። በሁለት እግሬ።»

እስኪመሽ ድረስ ሁለቱም ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

አጎቴ በዚያው ሳምንት ወጣ። ከአንድ ሱቅ ጀርባ ክፍል ተከራየ። አባቴ ሣጥኑን ልያዝልህ ቢለው፣ «ግድ የለም፣ አይድከሙ» አለው። ዕድሜውን ሁሉ «ጋሼ አንተ» ሲለው የኖረው ሰው «እርስዎ» አለው። ተሸካሚ ጠርቶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ እያነከሰ ሄደ። እኔ ስጠይቀው ደስ ብሎት ይቀበለኛል፤ አሁንም ኢንጂነሯ ይለኛል፤ ስለ ልጄ ይጠይቃል፣ ስለ ባሌ ይጠይቃል። ስለ አባቴ አይጠይቅም። ላነሳበት ስል ወሬውን ወደ ሌላ ይወስደዋል። አባቴ ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሰው እየመራው ሄዶ ነበር። በሁለቱም ጊዜ፣ ከውስጥ ሬዲዮው እየተሰማ፣ በሩ አልተከፈተም።

ትናንት አባቴ ዘንድ ነበርኩ። ቤቱ ጭር ብሏል። ሶፋው ባዶ ነው፤ እሱ ግን በርጩማው ላይ ነው የሚቀመጠው። ልብሱን አጥቤ፣ ራቱን ሠርቼ ልወጣ ስል በስሜ ጠራኝ።

«ቀለለሽ ወይ?» አለኝ።

ነገር እየፈለገኝ አልነበረም፤ የእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ያየኝበትን ፊት አውቀዋለሁ፤ ቡሎን ሲያጠብቅ ከመሃል ወደ ዳር ነው ብሎ ያስተማረኝ ዕለት የነበረው ፊት ነው። የሱን ቤት ባዶ ያደረግሁት እኔ እንድቀልል እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አልቀለለኝም፤ የድሮው ሸክም ቢወርድ የባሰው ተተክቷል። ይኼን ብነግረው ግን አጎቴ በከንቱ ሄደ ማለት ይሆናል።

«አዎ አባዬ፣ ቀሎኛል» አልኩት።

«እሰይ» አለ አባቴ፣ ራሱን ቀስ አድርጎ እየነቀነቀ። «አንቺ እንኳ።»